ክር ሳይመረጥ ሰም አይቀልጥም

መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ፣ የገብር ኄር ማግስት፣ የሜሪላንድ ገዥ ሕዝቡ ያለ አስገዳጅ ጉዳይ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። እኛ የምንኖረው ከዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሐበሻ በሚበዛባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራበት ሆቴል ቀደም ብሎ ተዘግቷል። ልጄ ትምህርቱን ከመኝታ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይከታተላል። በደብራችንም ቅዳሴውን ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ሆነው እያደረሱ በኢንተርኔት ያስተላልፉልን ጀመሩ። ሻማ መሥራት የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ያኔ የተማርኩትን፣ በልጅነቴም አያቴ ቤት ያየሁትን፣ ሻማ ለሚሠራም ለሚያበራም ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ።

ነገሩን ያመጣው የጧፍ እጦት ነው። እኛ ቤት ለጸሎት ስንቆም ጧፍ እናበራለን። ጧፋችን የሚመጣው ከአገር ቤት ነው፤ ዘመድ ሲመለስ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ እስር ይሸጉጥልናል። በዚያ ዓመት ግን መንገደኛ ጠፋ። መሳቢያ ውስጥ የቀረችውን እስር አውጥቼ ሳያት፣ ቆጥበን ብንይዛት እንኳ ከሕማማትና ከትንሣኤ ሌሊት የምታልፍ አይደለችም። ለሌላው ቀን ቤቱን የሚያበራ ነገር እንደሚያስፈልገን ለባለቤቴ ነገርኩት። ሱቅ ያለው ሻማ ለእኔ ጠረኑ ከባድ ነበር። ራሴ ልሥራ የሚል ሐሳብ ያደረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤታችን ብቻዋን የምትኖር አሜሪካዊት አሮጊት ናት። በዚያ ወር ከገበያ የሚያስፈልጋትን እየገዛሁ በሯ ላይ አኖርላት ነበር። አንድ ቀን ምን ላምጣልሽ ብዬ ስደውልላት የሻማውን ነገር አነሳሁባት። በነጋታው በራችን ላይ አንድ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ የአኩሪ አተር ሰም በከረጢት፣ ባዶ ብርጭቆዎች፣ አንድ የማጀት ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ለብቻው በፖስታ የታሸገ የሻማ ክርም አለበት። ለቤተ ክርስቲያኗ ባዛር ሻማ ትሠራ እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ላመሰግናት ስደውል፣ ስለ ሰሙም ስለ ሽታውም ሳታነሳ፣ “የብርጭቆሽ አፍ ስፋቱ ስንት ነው?” አለችኝ። ክሩ የሚመረጠው በብርጭቆው ስፋት ስለሆነ፣ ስፋቱን ሳላውቅ ሰሙን እሳት ላይ እንዳልጥድ አስጠነቀቀችኝ።

ይህን ስትለኝ ሐሳቤ ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ጓዳ ገባ። እማማ የምንላት አያቴም ጧፍ ለመሥራት ስትነሳ መጀመሪያ የምታወጣው ክሩን ነበር። “ክር ሳይመረጥ ሰም አይቀልጥም” ትለን ነበር፤ እኛ ልጆቹ እሳቱ ቶሎ እንዲነድ፣ ሰሙም ቶሎ እንዲቀልጥ ስንቸኩል የምታቆመን በዚህ ቃል ነው።

የእማማ ሰም ከጠጅ የሚተርፍ ነበር። ለድግስ ጠጅ ሲጣል ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጥና ጋን ውስጥ ይቀመጣል። ሰፈፉ ከላይ ሲንሳፈፍ ተገፎ ይወጣል፤ ጌሾው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ቤት ሰፈፉን ለነጋዴ ይሸጠዋል። እማማ ግን አጥባ፣ በሸክላ ድስት ከውሃ ጋር በዝግታ እሳት ታቀልጠው ነበር። ሲቀልጥ በጨርቅ ከረጢት ታጠልለዋለች። ሁለት ሰው ከረጢቱን በእንጨት ግራና ቀኝ ይዞ ይጠመዝዘዋል፤ እድፉ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሰሙ ከውሃው ጋር ይወርዳል። አድሮ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች፣ ሰሙ ከላይ ቢጫ ሆኖ ይረጋል። ብረት ድስት አታስነካውም፤ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ የንብ ሰም ከብረትና ከመዳብ ጋር ሲሞቅ ቀለሙ ይበላሻል።

ሰም ከገበያ ስትገዛ ደግሞ ቆርሳ ታኝከው ነበር። ንጹሕ የንብ ሰም ሲኘክ ጥርስ ላይ አይጣበቅም፤ ሞራ የተቀላቀለበት ግን አፍ ላይ ቅባቱ ይታወቃል። የስብራቱንም ፊት በብርሃን ታየዋለች፤ ንጹሑ ሲሰበር ፊቱ ፍርክስክስ ያለ ነው። በዚህ መንገድ መርጣ የገዛችውን ሰም ማንም ሲነቅፈው አልሰማሁም።

ክሩንም ራሷ ትፈትለዋለች። ጥጡን አባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ እንደምትሠራው ጧፍ ውፍረት እየደራረበች ታከረዋለች። ከዚያ ቁራጩን ክር ብቻውን ከሰም ነክራ ታበራዋለች፤ ነበልባሉን ቁማ ታየዋለች። ክሩ ሲወፍር ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይጤሳል፣ ጧፉም ቶሎ ያልቃል። ሲቀጥን ደግሞ ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ውስጥ ይሰጥማል። ደስ ሲላት ብቻ ሥራው ይጀመራል። ክሩን ነክራ ታወጣለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ደግማ ትነክራለች፤ ሲበቃው ሰሙ ሳይደርቅ በለስላሳ ጣውላ ላይ በመዳፏ እያንከባለለች ታስተካክለዋለች። ለደብሩ የምትወስደው ጧፍ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወጣው ነው።

እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ማጀቴ ውስጥ፣ የጎረቤቴን ካርቶን ፊቴ ዘርግቼ የቆምኩት ይህን ትዝታ ይዤ ነው። የያዝኩት ሰም ግን ሌላ ዓይነት ነው። ንብ ሰሙን ከገዛ ገላዋ ታፈልቀዋለች፤ ከሆዷ በታች ካሉት ዕጢዎች እንደ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል፣ በአፏ አላምጣ ቀፎ ውስጥ ትሠራበታለች። አንድ ኪሎ ሰም ለማውጣት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር እንደሚመገቡ በተለምዶ ይነገራል። የአኩሪ አተሩ ሰም ከፋብሪካ ነው። ከአኩሪ አተር ተጨምቆ የተጣራው ዘይት ኒኬል ባለበት በሃይድሮጅን ይታከማል፤ ያን ጊዜ በቤት ሙቀት ፈሳሽ የነበረው ዘይት ይጠጥራል። በስብርባሪ መልክ የሚሸጠው ነጭ ሰም ይህ ነው። ሥራው ከአዮዋ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ሪቻርድስ የተባለ የአዮዋ ሰው የንብ ሰም ውድ ስለሆነበት ርካሽ የአትክልት ሰም ሲፈልግ ወደ አኩሪ አተር መጣ። አዮዋ ደግሞ አኩሪ አተር በብዛት ከሚመረትባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት።

የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን ጧፍ ሆኖ ብቻውን ይቆማል። ለብርጭቆ የሚዘጋጀው የአኩሪ አተር ሰም ከ50 ዲግሪ በታችም መላላት ይጀምራል። በበጋ መኪና ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ቀልጦ ያገኘዋል። ስለዚህ ከእሱ ጧፍ አይወጣም፤ ቤቱ ብርጭቆ ነው።

ጎረቤቴ በስልክ እየመራችኝ ጀመርኩ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃ የያዘ ድስት ይጣድና ሰሙ ያለበት ዕቃ ውስጡ ይቀመጣል። ሰሙ ቢቀጣጠል ውሃ አይደፋበትም፤ ምድጃው ይጠፋል፣ ክዳን ይከደንበታል። ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሰሙ 85 ዲግሪ ሲደርስ ከእሳት ይወርዳል፣ የሽታው ዘይት ይገባና ቀስ ተብሎ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ለአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ለ454 ግራም ሰም፣ ስምንት በመቶ ከተባለ 36 ግራም ዘይት ነው። በዓይን አይገመትም፣ በማንኪያም አይሰፈርም፤ የሚመዘነው በሚዛን ነው፣ ምክንያቱም የተለያየ ዘይት በአንድ ማንኪያ ልክ ክብደቱ ይለያያል። ከዚያ ወደ 57 ዲግሪ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ክሩ መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ተያዘበት ብርጭቆ ይቀዳል። ትክክለኛው ልክ እንደየሰሙ ዓይነት ስለሚለያይ አምራቹ የጻፈውን ማንበብ ግድ ነው።

የሆሳዕና ሰሞን የሠራኋቸውን በትንሣኤ አበራን። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሌሊቱን ባለቤቴ፣ ልጄና እኔ ነጠላችንን ለብሰን ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆምን። ሥዕሉ ጋ የቀረችን ጧፍ፣ መስኮቱ ላይ የእኔ ሻማ በሩ። በሌላው ዓመት በዚያ ሰዓት ደብራችን ውስጥ ሰው ለሰው ጧፍ እየተቀባበለ ያበራ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስታችን ብቻ ተቀባበልን። ካህኑ ትንሣኤውን ሲያበስር፣ ልጄ መስኮቱን ከፈተው፤ ከፊት ለፊታችን ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የአገራችን ሴት ጧፏን ይዛ በረንዳ ወጥታ ነበር። እጅ ተነሣሣን። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከትንሣኤ በኋላ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። የምሠራውን ሻማ ለቤተ ክርስቲያን ላበርክት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና ለመቅደስ የሚገባው የንብ ሰም ጧፍ መሆኑን፣ ይህም ከአባቶች የወረደ ሥርዓት መሆኑን ነገሩኝ። “የእጅሽን ሥራ ግን ለቤትሽ፣ ለእንግዳሽ አብሪበት፤ ይባረክ” አሉኝ። ያን ቃል ይዣለሁ። ኋላ ሻማዬን መሸጥ ጀመርኩ፤ ስሸጥም ከጧፍ ጋር አላወዳድረውም፣ ለጸሎት የተሠራ ብዬም አልለጥፍበትም።

ያን ዓመት ክረምቱን ሙሉ ክር ስፈትን ከረምኩ። የአኩሪ አተር ሰም በሱቅ ሻማ ከሚበዛው ሰም ከፓራፊን ይልቅ ወፍራም ሆኖ ስለሚቀልጥ በክሩ ለመውጣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ክር ይፈልጋል። ይሁንና የሽታው ዘይት ሲቀየር ክሩም ይቀየራል። ቫኒላው ባለበት በደንብ የነደደ ክር፣ ዝንጅብሉ ባለበት ይሰጥማል። ደብተር ገዛሁ። ብርጭቆው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ሰሙ ከየት እንደተገዛ፣ ዘይቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ክሩ የትኛው ቁጥር እንደሆነ እጽፋለሁ። ከዚያ አበራና በየሰዓቱ የቀለጠውን ክብ እለካለሁ። በተለምዶ ሻማ በሰዓት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክብ ማቅለጥ ይገባዋል ይባላል፤ አፉ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ብርጭቆ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ እስከ ዳሩ መቅለጥ አለበት። ዳር ላይ ሰም ሲቀር ክሩ ደካማ ነው። ብርጭቆው በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ከጋለ፣ ነበልባሉም ከዘለለ፣ ክሩ ከልኩ በላይ ነው።

ልጄ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ወደደ። ሻማው እፍ ሲባል ከክሩ ነጭ ጭስ ይወጣል። ያን ጭስ በክብሪት ሲነኩት እሳቱ በጭሱ ወርዶ ክሩን ያቀጣጥለዋል። የሚነደው ክሩም ሳይሆን ፈሳሹ ሰምም ሳይሆን፣ ክሩ ወደ ላይ ስቦት በሙቀት የተነነው ሰም ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 ገና ሰሞን በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ሻማ ለልጆች ያስተማረው ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ ትምህርቱም በመጽሐፍ ታትሞ ኬሚስትሪ ለሚጀምሩ እስከ ዛሬ ይነበባል። ልጄ ያንን ሳያነብ በማጀታችን አየው።

እኔም ያኔ ነው የእማማን ጣት የተረዳሁት። ጧፍ እየነደደ ሳለ የተቃጠለው የክሩ ጫፍ እየረዘመ ሲሄድ፣ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ቆንጠጥ ታደርገው ነበር። የተገመደ ክር ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጫፉ ነበልባሉ መሐል አየር ሳያገኝ ይቀራል፣ ስለዚህ ሳይነድ ይጠቁራል፣ ጭስ ያበዛል። ጉንጉን ክር ግን እየነደደ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ጫፉ ነበልባሉን ወጥቶ አየር ሲያገኝ አመድ ሆኖ ያልቃል። ይህን ያወጣው ካምባሴሬስ የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። ከዚያ ቀደም በአውሮፓም ሻማ ያለ መቀስ አይበራም ነበር። ዛሬ የምንገዛው የሻማ ክር በአብዛኛው ጉንጉን ነው፤ ቢሆንም ከማብራታችን በፊት ወደ 6 ሚሊ ሜትር እንቆርጠዋለን። የእማማ ጣት የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

የሰሙ መልክም ብዙ ሰው ያስጨንቃል። የአኩሪ አተር ሰም ሲቆይ ላዩ ላይ ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣል። ብርጭቆው ላይ ደግሞ ሰሙ የተላቀቀበት ቦታ እርጥብ መስሎ ይታያል። ሁለቱም የሰሙ ጠባይ ናቸው፤ አነዳዱን አይነኩም። ሽታውም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋል። ተቀድቶ የረጋ ሻማ ያኑ ዕለት ቢበራ ጠረኑ ደካማ ነው፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ተከድኖ ሲቀመጥ ይጠነክራል። አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ትንሽ ሻማ ልታድል ፈልጋ በዚያው ሳምንት አድርሽልኝ አለችኝ። ለእንግዳ የሚሰጥ ነገር ያልደረሰ መሆን የለበትም፤ ሻማው እስከ ሁለት ሳምንት መቀመጥ እንዳለበት ነገርኋት። ተቀብላ ሥራውን ቀድማ አዘዘች፣ በሠርጓም ዕለት በዕጣንና በብርቱካን ሽታ አዳራሹ ታወደ።

የዕጣኑ ነገር ብቻውን ታሪክ ነው። ከመተማና ከትግራይ በሚመጣው ነጭ ዕጣን ያደግን ሰዎች ሽታውን ከሻማ ለማግኘት እንፈልጋለን። እኔም ሙጫውን አድቅቄ ሰሙ ላይ ከማድረግ ይልቅ ተነጥሮ የወጣውን የዕጣን ዘይት መጠቀም መረጥኩ፤ ሙጫው ሰም ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ክሩን ይደፍነዋል። ዘይቱ ደግሞ ተናኝ ነው፤ በጋለ ሰም ላይ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ሰሙ በመጠኑ ከበረደ በኋላ አስገባዋለሁ። ዕጣኑ ከሰል ላይ ሲጨስ ያለውን ያህል ባይሆንም፣ ስስ ሆኖ ይሸታል።

በ2013 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ደንበኛ ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሚያድለው ሻማ ፈልጎ፣ ላዩ ላይ የደረቀ ቢጫ አበባና የተቆላ ቡና ፍሬ እንዲደረግለት ይሻል። በፎቶ ያየው ያምር ነበር። እሺ ከማለቴ በፊት አንዱን እሱ እንደሚፈልገው ሠርቼ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲሚንቶ ወለል ላይ አኑሬ አበራሁት። ሰሙ ሲቀልጥ አበባው ተንሳፍፎ ወደ ክሩ ተጠጋ፤ እሱም ራሱ ክር ሆነ። ነበልባሉ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ሆነ። ቡናው ዘይት ጠጥቶ መጤስ ጀመረ። ክዳን ደፍቼ አጠፋሁት፣ ቪዲዮውን ለደንበኛው ላክሁለት። “እኅቴ፣ ይህን ለሰው ቤት አልሰጥም” አለኝ። አበባው ከብርጭቆው ውጭ በጥልፍ ሆኖ፣ ቡናው በሽታ ብቻ ሆኖ ተሠራለት። ሰዎቹም በሚቀጥለው ዓመት ደግመው አዘዙ።

ስለ አኩሪ አተር ሻማ ብዙ የተጋነነ ነገር ይባላል። ጭስ የለውም የሚሉ አሉ። ማንኛውም ሻማ ክሩ ሲረዝም፣ ነፋስ ሲመታው ወይም አየር ሲያጥረው ጥላሸት ያወጣል፤ የእኔም ያወጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከሁሉ በላይ የክሩ ልክና አያያዙ ነው። የሰሙን ስም አይተው ክሩን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። ቀድሞ አንዳንድ የሻማ ክር እንዲቆም ውስጡ እርሳስ ብረት ይገባበት ነበር፤ ሲነድ እርሳሱ ወደ አየር ይወጣል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ከለከለ። ከማይታወቅ ቦታ ክር ገዝቶ የሚሠራ ሰው ግን ዛሬም የሚገዛውን ማወቅ ግዴታው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ለገና ዳያስፖራው ወደ አገሩ እንዲመጣ ጥሪ በተደረገበት ጊዜ እኛም ገባን። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። እማማ ካረፈች ቆይታለች፤ ጓዳዋ ግን አለ። ከከተማው ጧፍ ሠሪዎች አንዷ ዘንድ ሄጄ ቀኑን ከእሷ ጋር ዋልኩ። እሷም ክሩን ቀድማ ነው የምትመርጠው። የሚያስጨንቃት ግን ሰሙ ነበር። ንጹሕ ሰም ዋጋው ሰማይ ነክቶ፣ በፓራፊንና በሞራ የተቀላቀለው ገበያውን ይዞት ነበር። “እመቤቴ፣ ሰው ርካሹን ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ማታለል አልችልም፤ እያየሁ ጥቂት ብቻ እሠራለሁ” አለችኝ። እንደ እማማ ሰሙን አኝካ ስትመርጥ አየሁ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ማር ጠጅ ስለሚሆን ሰሙም ሰፈፍ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሀብት እያለ ንጹሕ ጧፍ ሠሪው መቸገሩ ያሳዝናል። ከእሷ ገዝቼ፣ ከጠየቀችኝ ላይ ጨምሬ ከፍያት ተመለስኩ። ዛሬም ለቤታችን የሚመጣው ጧፍ ከእሷ ነው።

አሁን በየማጀቱ ሻማ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ዲሲ አካባቢ፣ አትላንታ፣ አዲስ አበባም ጭምር። ሥራው መልካም ነው፤ ያለ ብዙ ካፒታል ይጀመራል፣ እጅንም ልብንም ያሳርፋል። ለእነሱ የምለው አንድ ነው። የምትሸጡትን ሻማ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳችሁ አንድዱት። ክር፣ ብርጭቆ ወይም ዘይት በለወጣችሁ ቁጥር ደግማችሁ አንድዱት። የለካችሁትን ጻፉት። ክሩ ልክ ካልሆነ የሰሙ ንጽሕና፣ የሽታው ጥራት፣ የዕቃው ውበት አያድነውም።

ለምታበሩትም የምለው አለኝ። ክሩን ቁረጡ፣ ከአራት ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ከመጋረጃና ከልጅ እጅ አርቁት፣ ሰሙ ከታች ጣት ያህል ሲቀረው ተዉት፤ ወደ መኝታ ስትሄዱ አጥፉት። ጧፍም ስትገዙ ርካሹን ብቻ አትጠይቁ፤ ሰሙ ንጹሕ መሆኑን ጠይቁ፣ ንጹሑን ለሚሠሩትም የሚገባቸውን ዋጋ ክፈሉ።